መሸማቀቅ፤ የአንድ ቃል ፍችና አመጣጥ



በዚህ ዐምድ በየሳምንቱ፥ በቤታችን ዘወትር የምንናገራቸውን፥ ነገር ግን ምን ማለት እንደ ሆኑ ቆም ብለን የማንመረምራቸውን ቃላት እያነሣን ጥቂት ማስረዳት ልማዳችን ነው። የዛሬውን ቃል የሰጡን በሆሣዕና ከተማ አጠገብ የሚኖሩ አንዲት እናት ናቸው። ቀኑን ሙሉ እንሰት ሲፍቁ ውለው ሌሊት በተኙበት፥ የባታቸው ሥጋ በድንገት እንደ ድንጋይ እየጠጠረ ከእንቅልፋቸው ያባንናቸዋል። ከጎረቤቶቻቸው አንዷ ብርድ ነው፥ ሌላዋ መጋኛ ነው፥ ሦስተኛዋም የሰው ዐይን ነው አሏቸው። ትምህርት ቤት የሚውለው ልጃቸው ግን ይህ ሕመም «የጡንቻ መሸማቀቅ» እንደሚባል ነገራቸው። እናቲቱም፥ ሰው ሲያፍር ተሸማቀቀ ሲባል ሰምተዋልና፥ እግሬ ምን ሠርቶ አፍሮ ነው የሚሸማቀቀው? ሲሉ ጠየቁን።

ጥያቄው ላይ ላዩን ሲሰሙት ፈገግ ያሰኛል። ጠልቀው ሲመለከቱት ግን የአንድን ቃል ሥር ብቻ ሳይሆን የሰውን ሕይወት የሚነካ ነገር ይገኝበታል። ስለዚህ አስቀድመን የቃሉን ፍች፥ ቀጥለንም ቃሉ የሚያመለክተውን ሕመም እንመልከት።

«ሸመቀቀ» የሚለው ግስ ሥራው ከገመድ ጋር ነው። ሸመቀቀ ማለት ገመዱን በራሱ ላይ አዙሮ፥ ቀለበት አበጅቶ፥ ጫፉን ስቦ አጠበቀ ማለት ነው። የከረጢትን አፍ በክር ሰብስቦ ማጥበቅም መሸምቀቅ ይባላል። ከዚሁ ግስ «ሸምቀቆ» የሚለው ስም ይወጣል፤ እርሱም ወፍ ወይም አውሬ የሚጠመድበት፥ እግር ወይም አንገት ሲገባበት የሚጠብቅ ማሰሪያ ነው። የሸምቀቆ ጠባይ ከሌላው ቋጠሮ የተለየ ነው። ሌላው ቋጠሮ አንድ ጊዜ በታሰረበት ልክ ጸንቶ ይቆያል፤ ሸምቀቆ ግን የተያዘው ፍጥረት ለማምለጥ በታገለ መጠን እየባሰበት ይጠብቃል።

የሀድያና የከምባታ ሰው ይህን ነገር ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። እንሰቱ ሲፋቅ ከሚገኘው ቃጫ ገመድ ይገመዳል፤ በዚያም ገመድ ከብት ይታሰራል፥ ሸክም ይጠፈራል፥ ጎጆም ይማገራል። እናቲቱ ሌሊት ባታቸውን የያዛቸውን ነገር ስም የሚያወጣው ገመድ፥ ቀን በእጃቸው ሲያወጡት የዋሉት ያው ቃጫ ነው።

አሁን ደግሞ «ተሸማቀቀ» ወደሚለው እንለፍ። ሸመቀቀ ስንል ገመዱን የሚስብ እጅ አለ፤ ሸምቃቂው ማን እንደ ሆነ ይታወቃል። ተሸማቀቀ ስንል ግን ሳቢው አይታይም፤ ነገሩ ራሱ ወደ ራሱ እየተሰበሰበ ይጠባል። ቁርበት በፀሐይ ተኮማተረ፥ ፊት በእርጅና ተጨማደደ እንደምንለው ያለ ነው። እንግዲህ የጡንቻ መሸማቀቅ ማለት፥ ባለቤቱ ሳያዝዘው፥ የሚስበውም ሳይታይ፥ ሥጋ በሸምቀቆ እንደ ተያዘ ሆኖ መጠጠሩ ነው። ሰው ሲያፍር ተሸማቀቀ መባሉም ከዚሁ የመጣ ምሳሌ ነው። ያፈረ ሰው ትከሻውን ይሰበስባል፥ አንገቱን ይቀብራል፥ ድምፁ ይጠፋል፤ ይህንንም ሁሉ ወድዶ አያደርገውም። ስለዚህ ለእናታችን የምንሰጠው መልስ፥ እግርዎ እንደ ሰው አላፈረም፤ ያፈረ ሰው ነው እንደ እግርዎ የሚሸማቀቀው የሚል ነው።

አማርኛ ለሕመም ስም ሲያወጣ ብዙ ጊዜ ከእጅ ሥራ ይወስዳል። ሆድ ሲሸመቀቅ የሚሰማው ሕመም «ቁርጠት» ይባላል፤ ቆረጠ ከሚለው ነው፥ በቢላዋ እንደሚቆርጡት ይሰማልና። ጎንን የሚያስጨንቀው «ውጋት» ወጋ ከሚለው ነው፥ በጦር እንደ ተወጉ ያህል ነውና። መገጣጠሚያን የሚያሠቃየው «ቁርጥማት» ቆረጠመ ከሚለው ነው፥ አጥንትን እንደ ጥሬ የሚቆረጥም ነገር ውስጥ የገባ ይመስላልና። እነዚህ ስሞች ሁሉ ሕመሙ ምን እንደሚመስል በትክክል ይናገራሉ። ቆራጩ፥ ወጊው፥ ቆርጣሚው ማን እንደ ሆነ ግን አይናገሩም። የሳቢው ስፍራ ባዶ ነው።

የሰው ልብም ባዶ ስፍራ አይወድምና፥ ያንን ስፍራ ከጥንት ጀምሮ በልዩ ልዩ ነገር ሲሞላው ኖሯል። ስቅታ በያዘን ጊዜ ማን አነሣኝ እንላለን፤ ዐይናችን ሲርገበገብ የምናየውን ሰው ወይም የሚደርስብንን ነገር እንገምታለን። ስቅታ ግን ከሳንባ በታች የተዘረጋው የመተንፈሻ ጡንቻ ሳይታዘዝ ሲሸመቀቅ የሚሰማ ድምፅ ነው፤ የዐይን መርገብገብም የቆብ ትንንሽ ጡንቻዎች ሥራ ነው። በእነዚህ ላይ ወግ ብናወራ ጉዳት የለውም፤ የቤት ጨዋታ ነው። ነገር ግን ሕፃን ጡት መያዝ አቅቶት ሲደርቅ፥ በዚያ ባዶ ስፍራ ላይ ቡዳን ወይም ጋኔንን ማስቀመጥ ጨዋታ አይደለም። የዛሬው ነገራችን ሥሩ ይህ ነው፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

ሌሎች ሕዝቦችም ይህን ሕመም ሲሰይሙ ከእኛ ብዙ አልራቁም። የጥንት ግሪኮች «ስፓስሞስ» ይሉታል፤ ትርጓሜው መሳብ ማለት ነው። ስፓዝም የሚለው የሐኪሞች ቃል ከዚህ የመጣ ነው። በአውሮፓ ቋንቋዎች የሚነገረው ክራምፕ የሚለው ቃል ደግሞ ጥንተ ፍቹ የታጠፈ፥ የተቈለመመ ማለት ነው። «ቴታኖስ» የሚለውም የግሪክ ቃል ነው፤ መወጠር ማለት ነው፤ እኛ መንጋጋ ቆልፍ የምንለውን ደዌ ዓለም የሚጠራበት ስም ነው። ግሪኩ መሳቡንና መወጠሩን አየ፤ አማራው ሸምቀቆውን አየ። ሁሉም ገመዱን አዩ፥ እጁን ግን አላዩም።

እጁን ማየት የተጀመረው በጣሊያን አገር በቦሎኛ ከተማ ነው ማለት ይቻላል። ሉዊጂ ጋልቫኒ የሚባል የአካል ሊቅ የሞተ እንቁራሪት እግር በኤሌክትሪክ ሲነካ እንደሚንቀጠቀጥ ተመለከተና በአውሮፓ አቈጣጠር በ1791 ዓ.ም. ጽፎ አሳተመ። ከዚያ ወዲህ በተደረገ ምርምር፥ ጡንቻን የሚስበው ከአንጎልና ከአከርካሪ አጥንት ውስጥ እየወጣ በመላ አካላችን የተዘረጋው ነርቭ እንደ ሆነ ታወቀ። ነርቭ የሚያመጣው ትእዛዝ እንደ ኤሌክትሪክ ብልጭታ ያለ ነው። ትእዛዙ ሲደርስ በጡንቻው ውስጥ የተሰደሩት ሁለት ዐይነት ቀጫጭን ክሮች አንዱ በሌላው መካከል እየተንሸራተቱ ይገባሉ፤ ጡንቻውም ያጥራል፥ ይጠጥራልም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ጡንቻ ሲጠብቅ ብቻ ኀይል የሚፈጅ፥ ሲላላ ግን የሚያርፍ ይመስለናል። ነገሩ እንዲህ አይደለም፤ የተያያዙት ክሮች እንዲላቀቁም ኀይል ያስፈልጋል። ሰው ሲሞት ከጥቂት ሰዓት በኋላ ሥጋው የሚደርቀው፥ መላቀቂያው ኀይል ስለሚያልቅ ነው። ቀኑን ሙሉ የደከመ ጡንቻም ሌሊት ቢሸመቀቅ የሚያስደንቅ አይደለም።

እንግዲህ የጠያቂያችንን ሥራ እናስብ። በሆሣዕና፥ በዱራሜ፥ በአንጋጫ፥ በዶዮገና፥ በሺንሺቾና በሾኔ ዙሪያ በሚገኙት ቀበሌዎች እንሰት የሚፋቀው በልማድ በሴቶች እጅ ነው። ሴቲቱ መሬት ላይ ትቀመጣለች፤ የእንሰቱን ልጥ በዘመመው ሳንቃ ላይ አጋድማ አንድ እግሯን አንሥታ በተረከዟ ትይዘዋለች፤ በቀርከሃ መፋቂያም ከላይ ወደ ታች ትፍቀዋለች። ያ የተነሣ እግር ለብዙ ሰዓት እንደ ተወጠረ ይውላል። ባል፥ ልጆችና እንግዳ የሚበሉት ቆጮ፥ በአገሬው ቋንቋ ዋሳ የሚባለው፥ ለጌጥ የሚቀርበውም ቡላ፥ በዚያ እግር ላይ የቆመ ማዕድ ነው። ያ እግር ሌሊት ሲጮኽ ቤተ ሰቡ ሁሉ ሊሰማው ይገባል።

የጡንቻ መሸማቀቅ በእርግዝና የመጨረሻ ወራት፥ በሽምግልናና ብዙ በመቆም ወይም በመድከም ጊዜ ይበዛል። ሲይዝ የሚደረገው ይህ ነው። ባት የተያዘ እንደ ሆነ ጉልበትን ዘርግቶ የእግርን ጣቶች በእጅ ይዞ በቀስታ ወደ ራስ መሳብ፥ ወይም ተነሥቶ እግርን ሙሉ በሙሉ መሬት አስረግጦ ወደ ፊት ማዘንበል ነው። ይህ የሚረዳበት ምክንያት አለው፤ ጡንቻው በቀስታ ሲዘረጋ፥ ጅማቱ ውስጥ ያሉት የውጥረት ጠባቂዎች ለአከርካሪ ነርቭ ወሬ ያደርሱና ሳቢውን ነርቭ ዝም ያሰኙታል። በድንገት መንጨት ግን እንደ ሸምቀቆው ያብሰዋል። ከዚያ በኋላ በሞቀ ጨርቅ መያዝና በእጅ ማሸት ደግ ነው። ከመኝታ በፊትም ባትን ጥቂት ደቂቃ በቀስታ መሳሳብ ለብዙዎች ጠቅሟል። እንሰት የምትፍቅ እመቤትም የምትይዝበትን እግር እየቀያየረች፥ በመካከሉም እየተነሣች ጥቂት ብትራመድ፥ ውኃም ብትጠጣ ይበጃታል። ልጆችና ባልም ውኃ በመቅዳትና ሸክም በማንሣት ቢያግዙ ከማናቸውም ቅባት የበለጠ መድኀኒት ነው።

አንዳንድ ሰዎች ለዚህ ሕመም የወባ መድኀኒት የሆነውን ኪኒን ይውጣሉ። ኪኒን መሸማቀቁን ጥቂት ሊያስታግሥ ይችላል፤ ነገር ግን በደምና በልብ ላይ ብርቱ ጉዳት ሊያደርስ ስለሚችል የአሜሪካ የመድኀኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት በአውሮፓ አቈጣጠር በ2010 ዓ.ም. ለእግር መሸማቀቅ እንዳይወሰድ አስጠንቅቋል። ነገ ለሚያልፍ ሕመም ዕድሜን ማስያዝ አይገባም።

እዚህ ድረስ የተናገርነው ስለ ቀላሉ መሸማቀቅ ነው። ይህ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያልፋል፤ አንድ ጡንቻ ይይዛል፤ ሲላላም ሰውየው ጤነኛ ነው። ነገር ግን ቀላል ያልሆኑም አሉ፤ ጠቢብ የቤተ ሰብ አስተዳዳሪ እነዚህን ለይቶ ማወቅ አለበት።

የመጀመሪያው ከተቅማጥና ከትውከት ጋር የሚመጣው ነው። ሰውነት ውኃና ጨው በብዛት ሲጐድልበት ጡንቻዎች ይሸማቀቃሉ፤ በኮሌራ የተያዘ ሰው ባቱን እየያዘ የሚጮኸው ስለዚህ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ። እስኪደርስም ድረስ ከጤና ጣቢያ የሚሰጠው የሕይወት አድን ንጥረ ነገር ይሰጠው፤ እርሱ ከሌለ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ ልክ የሆነ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ደጋግሞ ማጠጣት ነው።

ሁለተኛውና ከሁሉ የሚከፋው መንጋጋ ቆልፍ ነው። ይህ ስም ከእኛ የሕመም ስሞች ሁሉ እጅግ የተስተካከለ ነው፤ ደዌው ብዙውን ጊዜ የሚጀምርበትን ስፍራ ይናገራልና። አስቀድሞ መንጋጋ ይያዛል፥ አፍ መክፈት ያቅታል፤ ከዚያ አንገት፥ ጀርባና ሆድ ይጠጥራሉ። በመጨረሻም መላው አካል እንደ ደጋን ይወጠራል። በሽተኛው አእምሮውን አይስትም፤ የሚሆነውን ሁሉ ያውቃል። ጥቂት ብርሃን፥ የበር መንኳኳት፥ የእጅ መንካት እንኳ አዲስ መሸማቀቅ ያመጣበታል። የመተንፈሻ ጡንቻዎች የተያዙ እንደ ሆነ ይሞታል።

የዚህን ደዌ ሳቢ እጅ ለመግለጥ ብዙ ሊቃውንት ደክመዋል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1884 ዓ.ም. አርቱር ኒኮላየር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ከመሬት ላይ ያነሣውን አፈር በእንስሳት ሰውነት ውስጥ ቢያስገባ ደዌው ያዛቸው። በ1889 ዓ.ም. ጃፓናዊው ኪታሳቶ ሺባሳቡሮ ተሐዋሲውን ለይቶ አወጣው፤ በተከታዩም ዓመት ከኤሚል ፎን ቤሪንግ ጋር ሆኖ መርዙን የሚያከሽፍ ነገር በደም ውስጥ እንደሚገኝ አስረዳ። ዛሬ የምንወስደው ክትባት መነሻው ከዚህ ነው። የደዌው ምክንያት እንግዲህ ዐይን አይደለም፥ መጋኛም አይደለም። በአፈርና በከብት ፋንድያ ውስጥ ለብዙ ዘመን ሳይሞት የሚኖር ተሐዋሲ ነው። በቁስል ከገባ በኋላ መርዝ ያመነጫል። መርዙም የሚያደርገው የሚያስገርም ነው፤ ሳቢዎቹን ነርቮች አያጠነክርም፥ ይልቁንም በቃህ ተው የሚሉትን ነርቮች አፋቸውን ይዘጋል። ገመዱን የሚስብ አለ፥ የሚያላላው ግን የለም።

የሀድያና የከምባታ ቤተ ሰብ ይህን ከማንም ይልቅ ልብ ሊለው ይገባል። እንሰት የሚያድገው በቤት ዙሪያ ነው፤ ምግቡም የከብት ፍግ ነው፤ ፍጉንም በየማለዳው ጠርጋ ከእንሰቱ ሥር የምታፈሰው ብዙ ጊዜ ሴቲቱ ናት። አገሪቱን ከረኀብ የጠበቀው ይኸው ለም አፈር፥ በባዶ እግር የሄደ ልጅ እሾህ ሲወጋው፥ እናትም እንሰት ስትቈርጥ ቢላዋ ሲያገኛት፥ የመንጋጋ ቆልፍን ዘር ሊያገባ ይችላል። አፈሩን መጥላት አይገባም፤ ቁስሉን ወዲያው በንጹሕ ውኃና በሳሙና አጥቦ፥ ሰውነትን አስቀድሞ በክትባት ማጠር ነው የሚገባ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው በአራስ ልጅ ላይ የሚመጣው ነው። እትብት ንጹሕ ባልሆነ ምላጭ ሲቈረጥ፥ ወይም ቅቤና ሌላ ነገር ሲቀባ፥ ተሐዋሲው በዚያ ይገባል። ምልክቱ እንዲህ ነው፤ ሕፃኑ በመጀመሪያዎቹ 2 ቀኖች ደኅና ጠብቶ፥ ደኅና አልቅሶ፥ ከ3ኛው እስከ 28ኛው ቀን ባለው ጊዜ መጥባት ያቅተዋል፥ ይደርቃል፥ ይንቀጠቀጣል። ጥንት በብዙ ቤት ሌላ ምክንያት የተሰጠው፥ ብዙ እናትም በስውር ያለቀሰችበት ደዌ ይህ ነበር። የዓለም የጤና ድርጅት በግምቱ እንደሚያስረዳው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1988 ዓ.ም. በዓለም ላይ 787,000 ያህል አራስ ልጆች በዚህ ደዌ ሞቱ፤ በ2018 ዓ.ም. ግን ቍጥሩ ወደ 25,000 ያህል ወረደ። ኢትዮጵያም በአውሮፓ አቈጣጠር በ2017 ዓ.ም. የእናቶችንና የአራስ ልጆችን መንጋጋ ቆልፍ ማስወገዷ ተረጋገጠላት። ይህም ማለት በየወረዳው ከ1,000 ሕያው ልደት የሚያዘው ከ1 በታች ሆነ ማለት ነው። ተሐዋሲው ከአፈር ጠፋ ማለት ግን አይደለም። ከዚህ ደዌ የዳነ ሰው እንኳ ያለ ክትባት ደግሞ ሊያዝ ይችላል፤ ጎረቤት ቢከተብም ያልተከተበውን አይጠብቀውም። ስለዚህ እያንዳንዱ ለራሱ መከተብ አለበት።

ለሴቶች የተመደበው ክትባት 5 ጊዜ ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው 4 ሳምንት በኋላ፥ ሦስተኛው ከዚያ 6 ወር በኋላ፥ አራተኛውና አምስተኛው እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ዓመት ቆይተው ይሰጣሉ። የተከተበች እናት መከላከያውን በማሕፀኗ ላለው ልጅ ታካፍለዋለች። ሕፃኑም በራሱ በ6ኛው፥ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይከተባል። ይህን ሁሉ በየቀበሌው ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ያስረዳሉ። በሆሣዕናም በሀድያዪቱ ልዕልት፥ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ባለቤት በነበሩት በንግሥት እሌኒ ስም የተሰየመ ሆስፒታል አለ። በዘመናቸው በመንግሥት ምክር የታወቁት የዚያች ሴት ስም በሕሙማን መጠጊያ ላይ መጻፉ የሚገባ ነው።

አሁን ወደ ጠያቂያችን ቃል እንመለስ። እግር አያፍርም ብለናል። ነገር ግን የኀፍረቱም መሸማቀቅ የቤተ ሰብን ጤና እንደሚያፈርስ መናገር ግዴታችን ነው። ሴት ልጅ ስለ ሰውነቷ የምታውቀውን እንዳትናገር ኀፍረት ይይዛታል፤ በታገለች ቍጥር የሰው ዐይንና የሰው ወሬ እየጠበቀባት ይሄዳል። የዚህ ሸምቀቆ ምሳሌ በከምባታ ምድር የታየው የሴት ልጅ ግርዛት ነው። ያልተገረዘች ልጅ ባል አታገኝም ተብሎ ታፍር ነበር፤ የተገረዘችውም ሥቃይዋን ለመናገር ታፍር ነበር። በአንድ ምላጭ የሚከፈተው ቁስልም ከሌላው ጉዳት በላይ ለመንጋጋ ቆልፍ በር ነው። እንግዲህ አንዱ መሸማቀቅ ሌላውን ይጠራል።

የከምባታ ተወላጅ የሆኑት ዶክተር ቦጋለች ገብሬ ይህን ቋጠሮ ለመፍታት በአውሮፓ አቈጣጠር በ1997 ዓ.ም. ከእኅታቸው ጋር ሆነው ከምባቲ መንቲ ገዚማ የተባለውን የሴቶች ማኅበር መሠረቱ። ሥራቸውን ሲጀምሩ ሕዝቡን በብርቱ ቃል አልገሠጹም። የአገሩ ሰዎች አስቀድሞ የሚያስፈልገን ወንዙን የምንሻገርበት ድልድይ ነው ቢሏቸው ድልድዩ እንዲሠራ ረዱ፤ ከዚያ በኋላ ሽማግሌ ከወጣት፥ ወንድ ከሴት ጋር ተቀምጦ የሚነጋገርበትን ጉባኤ በየመንደሩ አቆሙ። ቀድሞ የማይነገረው ነገር በአደባባይ ተነገረ፤ ልጆቻቸውን ሳያስገርዙ በአደባባይ የሚድሩ ቤተ ሰቦችም ተነሡ። በኢትዮጵያም በ1997 ዓ.ም. የጸናው የወንጀል ሕግ የሴት ልጅ ግርዛትን ወንጀል አድርጎታል። ዶክተር ቦጋለች ስለ ሥራቸው የንጉሥ ቦዱዋን ሽልማትን ከተቀበሉ በኋላ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2019 ዓ.ም. ዐርፈዋል። የእርሳቸው አሠራር ስለ ሸምቀቆ ያወቅነውን ያጸናልናል፤ በጉልበት ቢጎትቱት ይጠብቃል፥ ወደ መጣበት በትዕግሥት ቢመልሱት ግን ይላላል።

ስለዚህ ክቡራት እመቤቶች፥ ክቡራን አባወራዎች፥ ከዚህ ከተናገርነው ሦስት ነገር በቤታችሁ ያዙ። አንደኛ፥ ሥጋ ሲሸመቀቅ በቀስታ ዘርጉት፥ አትንጩት። ሁለተኛ፥ አፍ መክፈት ያቃተው፥ ከቁስል በኋላ አንገቱ የጠጠረ፥ ተቅማጥ ይዞት ባቱን የሚያመው፥ ጡት መያዝ ያቃተውም አራስ፥ ባት በአንድ ወገን ብቻ አብጦ ቀልቶ የማይለቅ ሕመም የያዘው ሁሉ፥ ምክንያቱን እናንተ ሳትፈርዱ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይሂድ። ሦስተኛ፥ በቤታችሁ ውስጥ ሰው ሕመሙን ለመናገር የሚሸማቀቅበትን ምክንያት አታኑሩ። ነፍሰ ጡሯ ሚስት ሌሊት እግሯ ሲይዛት ባሏን ለመቀስቀስ አትፈር፤ ባልም ሲቀሰቀስ አያጉረምርም።

ስለ ቃል ፍች በጀመርነው ስለ ቃል ፍች እንፈጽም። ቀድሞ ዋቸሞ ትባል የነበረችው ከተማ ዛሬ የምትጠራው በበዓሉ ስም ሆሣዕና ተብላ ነው። ሆሣዕና የዕብራይስጥ ቃል ነው፤ ጥንተ ፍቹም እባክህ አድን ማለት ነው። አድኑኝ ብሎ ድምፅን ማሰማት ኀፍረት እንዳልሆነ የከተማዪቱ ስም ራሱ ያስተምራል። የጠየቁን እናትም ይህንኑ አድርገዋልና እናመሰግናቸዋለን። በሀድይሳና በከምባትኛ ይህ ሕመም የሚጠራበትንም ቃል ከአያቶቻችሁ ጠይቃችሁ ለልጆቻችሁ አስተላልፉ፤ ስሙን የሚያውቅ ሰው ሕመሙ ሲመጣ አፉን ከፍቶ ይናገራልና።